ብርድ የማያረጋው ዘይት

የአባቴ ሽጉጥ ቅቤ አይወድም ነበር። ይኼን ያወቅነው በጥቅምት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወልደአረጋይ ሽጉጡን ከሣጥን አወጣና ደጅ ፀሐይ ላይ ጆንያ አንጥፎ ተቀመጠ። ከአያቱ የመጣ ስድስት ጎራሽ ነው። ጥይት የሚገባበት ክብ አለው፤ ቃታው ወደ ኋላ ሲሳብ ክቡ አንድ እርምጃ ይዞርና ቀጭ ይላል። እጀታው እንጨት ነው፤ በሦስት ሰው ላብ ጠቁሮ ቀንድ መስሏል። እኔ ሲተኮስ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ በጎረቤታችን ልጅ ሠርግ። አባባ ወደ ሰማይ ሁለቴ ተኮሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ በደስታ ዘለልኩ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሽጉጥ ማለት የድግስ ዕቃ ነው፤ እንደ ትልቁ ድስት፣ እንደ ተከራይተን እንደምናመጣው ድንኳን።

"አባታችን በቅቤ ነበር የሚያሸው" አለች እትዬ ወለተሐና። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሁልጊዜ ጥቁር ትለብሳለች። ጥቁር ልብስ የሷ መልክ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ቅቤ ቀባው። በማግሥቱ ጠዋት ቅቤው በየስንጥቁ ረግቶ ነጭ ሆነ፤ ክቡ ሲዞር እንደ ሽማግሌ ጉልበት እያቃሰተ ነው። በበግ ላት ሞከረው፤ ድመታችን እጀታውን ስትልስ ተገኘች። ላምባ ሲያፈስበት ዝገቱ እንደ ጉሽ ጠላ ወርዶ ብረቱ ተወለወለ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ላምባው ተንኖ ብረቱ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ከጎረቤላ ከተማ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የተቃጠለ የሞተር ዘይት አስመጣ። አባባ ጣቱ ላይ ጠብ አድርጎ አሸው፤ ወደ አፍንጫውም አስጠጋው።

የአባቴ አፍንጫ በአገሩ የታወቀ ነው። ማር የሚገዙ ሰዎች ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ስኳር የገባበትን በማሽተት ይለያል። ቅቤ ስንት ቀን እንዳደረ ሳይቀምስ ይናገራል።

"አሸዋ አለበት" አለና ጠርሙሱን ወዲያ አለው። "ደግሞ በብርድ እንደ ሬንጅ ይከብዳል።"

"ታዲያ ምን ይሻለዋል?" አለች እትዬ ወለተሐና። "ሚካኤል ወር አይሞላውም።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ይመጣል። በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ኪዳነዬ..." አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እናቴ አስካለማርያም ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ምስሩ ገና ግማሹ አልተለቀመም።

እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ኪዳነወልድ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ገና ሳልራመድ "ሩቅ አገር" ሄዷል ተብዬ ነበር። አሁን ስድስት ዓመቱን ጨርሶ፣ ለኅዳር ሚካኤል ሊመጣ ነው። እትዬ ወለተሐና በናፍቆት አለቀሰች። አባባ ሽጉጡን የሚያሰማምረው ለአቀባበሉ ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አልነበረም።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። አጎቴ ኪዳነወልድ ሩቅ አገር አልሄደም፤ ሚካኤል ግቢ ከዋርካው ሥር ነበር። በእርሻ ወሰን ተጣልተው ገብረ ጻድቅ የሚባል የወዲያ ማዶ ሰው በዱላ መታው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገብረ ጻድቅ ታሰረ። ስድስት ዓመቱን የጨረሰው እሱ ነው። እናቴ ልጆቿ የደም ወሬ እየሰሙ እንዲያድጉ ስላልፈለገች፣ እኔ ባለሁበት አጎቴ ሞተ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። እናት ሆኜ ሳየው አደረግሽ ብዬ አልፈርድባትም። ግን ያልነገሩኝን ነገር እኔ በራሴ ጨርቅ ጣፍኩት።

* * *

በገበያ ቀን አባባ እናቴን ጠራት። "ሠረቀብርሃን ዘንድ እለፊ። ለስፌት መኪናው የሚጠቀምበትን ቀጭን ዘይት ጥቂት ለምኚልኝ። ብርድ የማያረጋው እሱ ነው ብለውኛል።"

"እሺ" አለች።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ጎረቤላ ገበያ ጫፍ፣ አንዲት በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰው ነው። እግሩ የመኪናውን ፔዳል ሳይለቅ ያወራል።

"ወልደአረጋይ ስፌት ጀመረ እንዴ አስካለ?"

"አዎ፣ እርፍ መያዝ ሰልችቶታል።"

"እንግዲያው እንጀራዬን ሊቀማኝ ነው" አለና ሣቀ። ቀጥሎ ግን ፔዳሉን አቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሚካኤል ነው?" አላት።

እኔ ከመኪናው ሥር የወዳደቁ ቁልፎች እየለቀምኩ ነበር፤ ሰማያዊ ሁለት፣ ነጭ አራት። ጋሽ ሠረቀ ከትልቁ ቆርቆሮ ወደ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ዘይት ሲያወርድ አየሁት። እንደ ውኃ የጠራ ነው። እኔም አሸተትኩት፤ ምንም አይልም። እናቴ ቶሎ አልሄደችም። እየደጋገመች ትጠይቀው ጀመር፤ እሱም የመኪናውን ጎን በጣቱ እያንኳኳ፣ አንዲት ደንበኛው መኪናዋን በምግብ ዘይት አበላሽታው አራት ወር እንዴት እንደቆመባት ያወራላታል። ሌላውን አልሰማሁትም፤ አንድ ነጭ ቁልፍ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር። ቀና ስል እናቴ "እንደ ምጣድ?" አለች። እሱም "እንደ ምጣድ" አለ። ልብስ ሰፊ ቤት የምጣድ ወሬ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባኝ።

ስንመለስ እናቴ አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ ትቆማለች። ዳገቱ መሃል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። "ደክሞሽ ነው እማዬ?" አልኳት። "አዎ" አለች። ሸክም ግን አልያዘችም ነበር።

ቤት ስንገባ አባባ ከእርሻ አልተመለሰም። እናቴ የጋሽ ሠረቀን ጠርሙስ ከጎታው ጀርባ ሸጎጠችው። ከዚያ የተልባ ዘይቷን አወረደች፤ በጾም ወጥ የምትሠራበትን፣ አዲስ ድስትና ምጣድ የምታሟሽበትን። በትንሽ የሸክላ ገል አድርጋ ከእሳቱ ላይ ጣደችው። ጢስ እስኪለው ጠበቀች። አወረደችው፤ ሲበርድ ሌላ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረችው። ይኼኛው ቢጫ ነው።

"ያኛውስ እማዬ?"

"ያኛው ሌላ ነው።"

"አባባ የላከን እኮ ለሱ ነው።"

ወደ እኔ ዞራ ቁጢጥ አለች። እጆቿ ዘይት ዘይት ይሸታሉ። "ማኅደር፣ አባትሽ ከጠየቀሽ ከጋሽ ሠረቀ ነው የመጣው በይ።"

"ውሸት ነው።"

"ውሸት ነው" አለች። "በይ።"

እናቴ ውሸት ነው ብላ ውሸት ስታዘኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻውም እሱ ነው።

አባባ መጣ። ገና ብርሃን ስለነበር በር ላይ ተቀመጠ። ዘይቱን በዶሮ ላባ እየነከረ በቃታው ሥር፣ በክቡ ዘንግ፣ በየስንጥቁ አስገባው። ክቡን አዞረው፤ ሳያቃስት ዞረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያን ጊዜ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቶሎ አላወረዳቸውም።

"ማኅደር።"

"አቤት አባባ።"

"ይኼ ከሠረቀብርሃን ዘንድ የመጣው ነው?"

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላው ቆመ።

"አዎ አባባ።"

አየኝ። ቀጥሎ የእናቴን ጀርባ አየ። ጣቶቹን ደግሞ አሸተተ። "ጥሩ ዘይት ነው" አለ።

ቢላው መክተፍ ጀመረ። እናቴ ሳትዞር "ከምድጃው በላይ ይሰቀል፤ እዚያ ርጥበት አይነካውም" አለች። አባባ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሱና ሙቀቱ ሲወጣ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

* * *

የሚካኤል ዋዜማ ደረሰ። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። ሐሳቤ አንድ ነው፤ እናቴ ጥሩውን ዘይት ደብቃ የወጥ ዘይት ነው የሰጠችው፤ ነገ ሽጉጡ ባይተኮስስ? ጋሼ ኪዳነ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጠጅ የለ፣ ድንኳን የለ፣ አንዲት ተኩስ እንኳ ሳይሰማ ይገባል። ለምን እንደደበቀችው ማወቅ አልቻልኩም። ስስት ነው አልኩ። እንግዳውን ስለማትወደው ነው አልኩ። ጠላም አልተጠመቀም እኮ። ድግስ የሌለበት አቀባበል ምን ዓይነት እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለማን እንደሚወራ ግን አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። አባባ ለነገው ንግሥ ቤተ ክርስቲያን ሊያግዝ ሄዷል። በርጩማ በርጩማ ላይ ደርቤ ሽጉጡን አወረድኩ። ከባድ ነበር፤ ትኩስም ነበር። ጨርቁ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ቀረጥ አለ። ከጎታው ጀርባ የጋሽ ሠረቀን ዘይት አውጥቼ አንድም ሳላስቀር አፈሰስኩበት። ዘይቱ ግን እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ክቡን ላዞር ሞከርኩ። አልዞረም። በሁለት እጄ ታገልኩት። እንቢ አለ።

ሁለት ዘይት በመቀላቀል ሰበርኩት አልኩ። ጠቅልዬ መልሼ ሰቀልኩት፤ ቀሚሴን አመድ አሸሁበት። ማታ አባባ "ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?" ሲለኝ "በረደኝ" አልኩ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ውሸቴ ነው።

በማግሥቱ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰው ቁልቁል ይመለስ ጀመር። አባባ ጋቢ ደርቧል። እትዬ ወለተሐና በቀኙ ትሄዳለች፤ እናቴ ከኋላ እጄን ይዛለች፤ መዳፏ ርሷል። መንገዱ ከወንዙ በላይ የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ አባባ ቆመ። ሰውም ቆመ። ማንም ቁም ሳይለው ሁሉም ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ እኔም "ይኸው ደረሰ" ብዬ ልቤ መታ።

አንድ ቀጭን ሰው ከታች እየመጣ ነው። ካፖርቱ ሰፍቶታል። ከጎኑ የንስሐ አባታችን አሉ። ሰውየው አባባን ሲያይ አልሸሸም። በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቆመ።

አባባ ከጋቢው ሥር ሽጉጡን አወጣ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እልልታውን ለመጀመር ትንፋሼን ስቤ ነበር።

ምንም የለም።

እጄን ከጆሮዬ አነሣሁ። አባባ ቃታውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ጥፍሩ ነጭ ሆኗል። ቃታው አይነቃነቅም። እንደገና ሳበ። አንድ ሰው ሳለ። ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ አየው፤ ደግሞ አነሣው፤ ደግሞ ሳበ። ያን ሁሉ ጊዜ ቀጭኑ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ ነኝ ያደረግሁት አልኩ። አቀባበሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየውም እንደ ለማኝ መንገድ ላይ ቀረ። ቢያንስ አንድ ሰው እንኳን ደህና መጣህ ይበለው። ከእናቴ መዳፍ ውስጥ እጄን ነጠቅሁ። ስትጮህ ሰማኋት። ሮጬ ሄጄ የሰውየውን ጉልበት አቅፌ ሳምኩ። ነጭ ሳሙና ነው የሚሸተው።

"እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ ኪዳነ" አልኩት።

ከላይ ሆኖ አየኝ። አገጩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ፤ ፊቱ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ።

"እኔ አይደለሁም" አለ። "እኔ አይደለሁም ልጄ። እሱ አይደለሁም።"

ታዲያ አንተ ማነህ ልለው ነበር፤ ግን እንደዚያ ሲያለቅስ ትልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አፌ ተያዘ። እትዬ ወለተሐና መሬት ላይ ተቀምጣ ወንድሟን በስሙ እየጠራች ደረቷን ትመታለች። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው በአባባና በሰውየው መሃል ገቡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ገቡ። እኔ ከሁሉም መሃል ነበርኩ።

አባባ ወደ እናቴ ዞረ።

"ምንድን ነው የሰጠሽኝ?"

"ዘይት መስሎኝ" አለች መሬት መሬት እያየች።

"ሽጉጤ ምጣድ መሰለሽ? አንቺ ደንቆሮ፣ አንቺ ብረት ከሸክላ የማትለይ። በወንድሜ ደም ፊት አዋረድሽኝ።"

"እኔ ነኝ። አላወቅሁም።"

አንዱ ከኋላ ፈገግ አለ፣ ሌላው ሣቀ። ሣቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ሰው ከሣቀ በኋላ መግደል ይከብዳል መሰለኝ፤ ሽማግሌዎቹ አባባን በክንዱ ይዘው ወሰዱት፤ ገብረ ጻድቅን ደግሞ ሌሎቹ በወዲያ መንገድ።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽጉጡን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ ባዶውን ጠርሙስ ከጎታው ጀርባ አይታለች፤ አውቃ ጥፋቴን በራሷ ላይ አደረገች።

* * *

በጥር እርቁ ተፈጸመ። ገብረ ጻድቅ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ አባባ አወረደለት። ያን ጊዜ ነው አጎቴ መሞቱ የተነገረኝ። እትዬ ወለተሐና ግን ጥቁሯን ሳታወልቅ ሞተች። እናቴን ስታነሣ "ያቺ ሽጉጥ አሟሺ" ትል ነበር፤ ስሙም ተያዘ። ማጭድ የተጣመመበት፣ ቁልፍ እንቢ ያለው፣ ሁሉም "አስካለን አስነክታችሁት ነው እንዴ" ይላል። እናቴ ትስቃለች። አባቴ አንድ ቀን እንኳ "ተዉአት" አላለም።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነበር። በየዓመቱ የሚካኤል ዋዜማ አባባ ሽጉጡን ያወርድና "አስካለ፣ ዘይት" ይላል። እናቴ የተልባውን ጠርሙስ ታቀብለዋለች። በላባ ይቀባዋል፤ ጣቱን ያሸታል፤ መልሶ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። አይነጋገሩም። እኔ አድጌ እንኳ ሳየው እናደድ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ከአንድ ስሕተት አይማሩም ወይ እያልኩ።

አግብቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እናቴ የሞተችው ሳልናዘዝላት ነበር። ለቅሶው ላይ "በኔ ጥፋት የተሰደብሽ፣ በኔ ኃጢአት የተሣቀብሽ" እያልኩ ደረቴን ስመታ ሴቶቹ ግራ ተጋብተው "ምን አድርጋት ይሆን" ይባባሉ ነበር።

እኔም የስፌት መኪና አለኝ። የሰው ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ፊደል የለየሁት ልጄ ቃለ አብ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ እሱ ጠዋት እኔ ከሰዓት ነበር የምንማረው። ልጄ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ በር ላይ የምቆም ሴት ነኝ። ቃለ አብ "እማዬ፣ ከመጨነቅ ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል። እሠራለሁ፤ እየሠራሁም እጨነቃለሁ።

አባቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ለዓይኑ ሕክምና እኔ ዘንድ መጣ። በዚያ ሰሞን የመኪናዬ ዘይት አልቆብኝ፣ ቸኩዬ ከማድ ቤት የተልባ ዘይት ጠብ አድርጌ ነበር። ለሁለት ሳምንት እንደ ልብ ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት መዘውሩ እንቢ አለ። ጠጋኙ መጥቶ ፈታው፤ ውስጡ ቢጫ ሙጫ ለብሷል። "እትዬ፣ ይኼ ለሆድ ነው እንጂ ለብረት አይደለም" አለኝ። "ይደርቃል። እንደ ምጣድ ያሟሸዋል።"

እንደ ምጣድ። መርፌው ከእጄ ወደቀ። የጋሽ ሠረቀ በረንዳ፣ ቁልፎቹ፣ የእናቴ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ለሠላሳ ዓመት እኔ የሰበርኩትን ሽጉጥ እናቴ ተሸከመችልኝ ስል፣ ሽጉጡ እኔ ሳልነካው ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። እሷ ናት። ጠይቃ፣ ተረድታ፣ አፍልታ፣ እሳት ላይ ሰቅላ።

ጠጋኙ ሲሄድ አባባ ከተቀመጠበት "ያንን ጨርቅ አምጪው" አለኝ። ዓይኑ ታሽጓል። ሙጫውን የጠረግንበትን ጨርቅ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

"ተልባ" አለ። "ሽጉጤ አንድ ወር ሙሉ ይኼን ነበር የሚሸተው።"

"አውቀህ ነበር?"

"አፍንጫ አለኝ እኮ።"

"ሊዘጋ እንደሚችልስ?"

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጠፈው፤ ፈታው፤ ደግሞ አጠፈው። "የሚካኤል ዕለት ጠዋት ቤት ውስጥ ሞክሬው ነበር" አለ። "አልተነቃነቀም። ደስ አለኝ እንዳልል፣ ወንድሜ ነው። ደስ አላለኝም እንዳልል... ይዤው ወጣሁ።"

"ታዲያ እማዬን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ሰደብካት?"

"ካልሰደብኳት ማን ያምነኛል? ወለተሐና ታምነኛለች?"

"ለእማዬ ነገርካት?"

"እሷስ ነገረችኝ?" አለ። ጨርቁን አስቀመጠና "አንድ ቀን ይቅርታ እላታለሁ ስል ቀደመችኝ" አለ።

ያኔ ነው የዋዜማው ዘይት የታየኝ። "አስካለ፣ ዘይት።" ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ቢጫ ጠርሙስ። እነሱ ሲነጋገሩ እኔ ለካ አይነጋገሩም እል ነበር። ወይ ደግሞ ይኼንንም ተሳስቼ ይሆናል። በዚህ ነገር ሦስቴ ተሳስቻለሁ፤ አራተኛውን የሚያርመኝ ሰው የለም። አባቴም አምና አረፈ።

ሽጉጡ አሁን እኔ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ቃለ አብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት አገኘሁት። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ በዚህ ዘመን የሚሠራ መሣሪያ ቤት ውስጥ ያስፈልጋል ብለውታል። እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ አይቶ ሁሉንም አጥንቶታል፤ ሦስት ቀን ላምባ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት።

"እማዬ፣ የመኪናሽን ዘይት ትሰጪኛለሽ?"

የመኪናዬ ዘይት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አሁን ጽሑፉን ራሴ አነባለሁ፣ ለቀላል ማሽን ይላል። ከጎኑ የተልባው። እናቴ ብትሆን ዝም ብላ አንዱን ታነሣ ነበር። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም። ተቀመጥኩና ከቅቤው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድመቷን፣ ቁልፎቹን፣ የሰውየውን ጉልበት። አንዳንዱን ሁለቴ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ስልኩን ገለበጠው፤ ለብዙ ጊዜ ሽጉጡን አየ።

ሁለቱንም ጠርሙስ ፊቱ አስቀመጥኩ። ልቤ እንደዚያን ቀን ይመታ ነበር።

ቀጭኑን አንሥቶ አሸተተው፤ አስቀመጠው። ቢጫውን ከፈተ፤ ጣቱ ላይ ጠብ አደረገና ልክ እንደ አያቱ አፍንጫው ላይ አቆየው።

"ይኼኛው ምግብ ምግብ ይላል እማዬ" አለ።

"እሱ ነው" አልኩት።

ላባ ስላልነበረን በጥጥ ቀባው።